የአስታራቂው ቁርስ

እናቴ ቤት ስትሠራ ከኩሽናው ነው የጀመረችው። ሰው ሁሉ ሳሎን ያስቀድማል፤ እሷ ግን «እሳት የሌለበት ቤት ምኑ ቤት ነው» ብላ በጓሮ በኩል ኩሽናዋን አቆመች። ትልቁ ቤት እስኪያልቅ እዚያው አደረች፣ ክረምቱንም እዚያው አሳለፈችው። አዲስ አበባ መሃል የነበረው የድሮ ቤታችን ለልማት ተብሎ ፈርሶ ወደ ቡራዩ የወጣን ጊዜ ነው ይሄ። መሬቱን የሸጡልን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ኦቦ ይላቸዋል፣ እኛም ኦቦ አልናቸው። ውሉ የታሰረው በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ለምለም ሳር ተይዞ፣ ተመርቆ፣ መጨረሻ ላይ እህል ተቀምሶ። እናቴ ከማኅተም ይልቅ ያንን ታምናለች። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው ማኅተም ከሚመታበት ቦታ ስለሆነ በዚህ ነገር ስንነታረክ ነው የኖርነው።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በአንድ ትልቅ አገር ኤምባሲ ውስጥ የአገር ውስጥ ጋዜጦችን እያነበብኩ ለፈረንጆቹ አሳጥሬ እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ሲኖርም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ አሻግራለሁ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር የታመመ ሰው አጠገቡ የተኛ ይመስል ድምፁን የሚቀንስ ሽማግሌ ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የለምና በሆዴ አንተ ማለት ለመድኩ፤ እናቴ ይሄን ስትሰማ «ያሳደገሽ ማን ነው?» ትለኛለች፣ ራሷ እንዳላሳደገችኝ ሁሉ።

እኛ አገር ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዘመኑን ያሳለፈው እስራኤሎችንና ፍልስጤሞችን ለማስታረቅ መንግሥቱ በሚልከው ቡድን ውስጥ ነው። የእሱ ድርሻ ካርታ ነበር። የት ላይ መስመር ቢሰመር ሁለቱም ይስማማሉ የሚለውን እያጠና፣ በየኮረብታውና በየመንደሩ እየዞረ፣ ማታ ያሰመረውን ጧት እየፋቀ ኖረ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ከእነዚያ ካርታዎች አንዱ በመስታወት ተገጥሞ ተሰቅሎ ነበር። በመሃሉ አረንጓዴ መስመር ይሄዳል። መስመሩ ላይ አንዲት ቦታ ላይ መስታወቱ በጣት ወዝ ደብዝዟል፤ ስልክ ሲያናግርም ሲያስብም ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያች ላይ ነው። የጽዳቷ ልጅ ጧት ትወለውለዋለች፣ ከሰዓት ተመልሶ ይደበዝዛል። እኔ ያንን ካርታ አልወደውም ነበር። የመስመሩ አካሄድ፣ ከላይ ዞር ብሎ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከገፈርሳ ወደ እኛ ሰፈር የሚወርደውን የወንዝ መንገድ ይመስለኛል። «የማታውቂው አገር ሰፈርሽን ሲመስልሽ ዓይኔ ነው በይ» ብዬ ራሴን እቆጣለሁ፤ ሳየው ግን ያው ነው።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን መጀመሪያ የተወራ ሰሞን የእሱ አገር ትልቅ ባለሥልጣን በእስራኤሎችና በፍልስጤሞች መሃል እንደ ጥልፍ መርፌ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ንግግሩ ቆመ ተባለ። አለቃዬ ዜናውን ሰምቶ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣና «አሁን ሁለቱም ወገን ዝግጁ አልነበሩም እንላለን» አለኝ። «ሁሌ እንደዚያ ነው የምንለው። ከዚያ ሻንጣችንን ይዘን አገራችን እንገባለን።» እኔ ምን ልበል? በዚያው ሳምንት የኛ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ወጣቶች ፕላኑን ተቃውመው እጃቸውን ራሳቸው ላይ አጣምረው ሲሄዱ በሚኒባስ መስኮት አይቼ መምጣቴ ነበር። «አይዞህ» አልኩት በአማርኛ። የሚገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

የፕላኑ ነገር ጋብ ብሎ ከርሞ በሌላው ዓመት በጋ ላይ ተነሣ፤ ያኔ ነው ችካሉ የመጣው።

አንድ ጧት እናቴ ጓሮ ሆና ጠራችኝ። ድምፅዋ እባብ ያየ ሰው ድምፅ ነበር። ስወጣ በትልቁ ቤትና በኩሽናው መሃል፣ እሷ ቀኑን ሙሉ የምትመላለስበት ቦታ ላይ፣ ጭንቅላቱ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሏል። ውሻችን አልጮኸም። በሩ እንደተዘጋ ነው። ጎረቤት ብንጠይቅ እነሱም ጓሮ አለ፤ ከዚያ ወዲያም አለ። የችካሉ ረድፍ ክር የተወጠረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወርዶ ኦቦ ማሳ ውስጥ ይገባል። ማን እንደተከለው ያየ ሰው የለም። ከዚህ መስመር ወዲህ ያለው ይቆያል፣ ወዲያ ያለው ይነሣል ይላል አንዱ፤ ሌላው ደግሞ ግልብጡን ያወራል። ሰበታ ላይ እንዲህ ሆነ፣ ሱሉልታ ላይ እንዲያ ተደረገ ይባላል፤ ወሬ እንደሆነ ትራንስፖርት አይፈልግ።

ኦቦ መጥተው ችካሉን ዙሪያውን አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አስገብተው ነቀሉና ከኩሽናው ጀርባ ወዳለው ገደል ወረወሩት። «አዴ፣ አትፍሪ» አሏት እናቴን። «እንጨት ነው።»

በማግስቱ ጧት ችካሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ የእግር ኮቴ የሚባል የለበትም። እኔ ፍርሃቴን በቁጣ ነው የምወጣው፣ «የታባቱ!» ብዬ እኔው ነቀልኩት። ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ የነካው የለም። እናቴ ወደ ኩሽና ስትሄድ፣ እዚያ ሰው የተቀበረ ይመስል ዞር ብላ ማለፍ ጀመረች። ሳህኖቿንም በጨርቅ እየጠቀለለች ሳንዱቅ ውስጥ ከተተች፤ ድስቷን፣ ሙቀጫዋን፣ በርበሬዋን ሁሉ በጆንያ አሰረች። ከአንድ ቤት አንዴ የተነቀለ ሰው ሁለተኛውን ጊዜ ቀድሞ ይሰማዋል መሰለኝ። «እኔ እኮ እዚህ ቤት ሌላ አልፈልግም» አለችኝ አንድ ቀን፣ እንባዋ ሳይወጣ። «ኩሽናዬን ብቻ ይተዉልኝ። የምሞትበትን ኩሽናዬን።»

የአለቃዬን ታሪክ ያወራሁላት ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ነው፤ የኢየሩሳሌምን ሰዎች ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው ብዬ። ያኔ ዝም ብላ ሰምታ ነበር። ችካሉ ከመጣ በኋላ ግን ስሙ የሌለው ሰው ስም አገኘ፤ አስታራቂው። «አስታራቂው ምን አሉ ዛሬ?» «አስታራቂው ለኛ ነገር አይሆኑም?» እሱም በበኩሉ የኛን አገር ሽምግልና በዓይኔ ልይ እያለ ይጎተጉተኝ ነበር። መንገዱ ሰላም የዋለበት አንድ ቅዳሜ ለቁርስ ጠራሁት፤ ለቁርስ ብቻ።

እናቴ ግን ለቁርስ ብቻ አላሰናዳችም። ኦቦን ጠርታለች፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለምለም ሳር በእጃቸው ይዘው ኩሽናው በር ላይ ተቀምጠዋል። አለቃዬ በትልቁ ቤት ጎን ዞሮ ወደ ጓሮ ሲገባ ከኋላው ነበርኩ። ችካሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። የኩሽናውን በር አየ፤ አረንጓዴ የተቀባች የቆርቆሮ በር ናት፣ ከጎኗ እናቴ የተከለችው የሎሚ ዛፍ አለ። ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ከዚያ ደግሞ ወደ በሩ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እዚህ መጥቼ አውቃለሁ» አለኝ።

አታውቅም ልለው አፌን ስከፍት እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ብቅ አለች። እንግዳ ሲመጣ እሷ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሰላምታ አላት፤ የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ሁሉ ዘላ፣ ችካሉን በእጇ እያሳየች፣ «ጌታዬ፣ ኩሽናዬ በየትኛው በኩል ነው የሚሆነው?» አለችው።

ተረጎምኩለት። ወደ እኔ ዞሮ፣ እንዳይሰሙት የሚፈራ ይመስል፣ «አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አለኝ።

«ምኑን?»

እሱ ግን የቀረበለት ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ኦቦ ነገሩን አስረዱ፤ መሬቱን ለእናቴ የሸጡላት በሽማግሌ ቃል መሆኑን፣ መስመሩ የእሳቸውን ማሳ ለሁለት እንደሚከፍለው፣ የልጆቻቸውን ድርሻ ማን እንደሚወስደው እንደማያውቁ። አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ። አለቃዬ አልፎ አልፎ «ይገባኛል» ይላል። ለሥራ የለመደው ዓይነት ይገባኛል ነው፣ ከዚያ የራቀ ቃል አልወጣውም። ኦቦ ሲጨርሱ እናቴ ጨጨብሳውን በቅቤና በማር አርሳ አቀረበች። «ኛዻ፣ ይብሉ» አሉት ኦቦ፣ ዓይናቸውን ከፊቱ ሳያነሡ።

አለቃዬ ማንኪያውን አንሥቶ በላ። እንግዳ አክባሪ ሰው ነው፤ ሳህኑን ጨረሰው። እናቴና ኦቦ ተያዩ። ኦቦ ሳሩን ከፍ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁ፣ እናቴ አሜን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

እንግዳዬን መኪናው ድረስ ሸኝቼ ስመለስ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳንዱቋን እየፈታች ነው። ሳህኖቿ ተደርድረዋል። እየዘፈነች ነበር፤ እናቴ አትዘፍንም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በሉ እኮ!» አለችኝ። «እህሌን ቀመሱ!»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ክው አልኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ነገር ይዞ ሲገባ ጉዳዩ ሳያልቅ እህል አይቀምስም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ እንኳ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ከቀመሰ ጉዳዩን በራሱ ላይ ወስዷል፤ አለቀ ማለት ነው። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለቁርስ የተጠራ ሽማግሌ ግን ከየት ይወቀው?

«እማዬ፣ ፈረንጅ ነው! ቁርስ ነው የመሰለው! ርቦት ነው የበላው!» ጮኽኩባት። «እሱ ማን ነው? ምን ሥልጣን አለው? የራሱን አስታርቆ አልጨረሰም እንኳን የኛን!»

«አስታራቂ ሆነው ይሄን ሳያውቁ ይቀራሉ?» አለች፣ ለእኔ የምታዝን ይመስል። «ፊታቸውን አላየሽም? ሰውዬው እኮ ገና ሲገቡ ነገሩን ያውቁታል።»

ፊቱን እኔም አይቻለሁ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ በሩን ዘግቼ የእህሉን ነገር ነገርኩት። ኩሽናዬን አተረፉልኝ ብላ ሳንዱቋን ፈታለች አልኩት፣ በቁጣ ነው የነገርኩት። ካርታው ፊት ቆሞ ነበር። ጣቱን እዚያች የደበዘዘች ቦታ ላይ አሳረፈ።

እዚያች ቦታ ላይ ቤት ነበረ አለኝ። መስመሩ በመሃሉ ያልፋል፤ ቤቱ በአንድ በኩል፣ ከጓሮ ያለው ኩሽና በሌላው በኩል። እሱ ችካል ከሚተክሉት ሰዎች ጋር ሄዶ ነበር። አረንጓዴ በር፣ የሎሚ ዛፍ። አንዲት ሴትዮ እጇን በልብሷ እየጠረገች ወጣችና ኩሽናዬ በየትኛው በኩል ነው የሚሆነው አለችው። የየትኛው ወገን ሴት እንደነበረች አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ተጠንቶ ይታያል አላት። ቁርስ አቀረበችለት።

«በላህ?» አልኩት።

«በላሁ» አለ። «እሷም ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሳቀች ያን ጊዜ አልገባኝም።» እንጀራ ቆርሶ የተካፈለ ሰው እዚያም ዝም ብሎ እንግዳ አይደለም፤ ይሄን ያወቀው ከዘመናት በኋላ ነው፣ ያውም ከእኔ አፍ።

«ከዚያስ ምን ሆነች?»

«ንግግሩ ፈረሰና አገሬ ገባሁ። ተመልሼ አላየኋትም።»

ያን ቀን ከአለቃዬ ቢሮ ስወጣ ለካርታው ጀርባዬን መስጠት ፈርቼ ወደ ኋላ ነበር የሄድኩት፤ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ክፉው ሰሞን መጣ። መንገዱ ተዘጋ። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይሞታል። ሱቆቹ በራቸውን ጥርቅም አደረጉ። እኔ አስኮ ዘመድ ቤት ከርሜ፣ መንገድ ሲከፈት እየሮጥኩ እናቴን አይቼ እመለሳለሁ። የቡራዩ መንገድ በቀትር እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሚኒባስ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ረዳት አይጮኽም። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት። ሰው በየበሩ ስንጥቅ ያይሻል፣ አንቺ አታዪውም። ከሩቅ ተኩስ ተሰምቶ ዝም ሲል ዝምታው ከተኩሱ ይብሳል። ወፍ እንኳ የተማከረ ይመስል ጭጭ ብሎ ነበር። ኤምባሲው ሠራተኞቹን ከከተማ እንዳይወጡ ከልክሏል። እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል ኩሽናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ጎረቤት ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ «እናንተ ሂዱ፣ የኔ ጉዳይ አልቋል» ትላለች። ኦቦ ቤት እንኳ እደሪ ብላት እምቢ። ዶዘር ሊመጣ ነው እየተባለ ይወራል፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ለአለቃዬ በየቀኑ አንድ ነገር እለው ነበር፤ «እባክህ፣ የሆነ ሰው ጠይቅ።» ጠየቀ። የሚያውቀውን ሁሉ፣ የማያውቀውንም ጠየቀ። አንዱ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለው፣ ሌላው «ስጋታችንን እንገልጻለን» አለው። ያቺን ቃል ሲነግረኝ እንደ መራራ መድኃኒት ነው ከአፉ የወጣችው። «ስጋታችንን እንገልጻለን የሚለውን እኔ ነበርኩ የምጽፈው» አለኝ።

መንገድ የተከፈተበት አንድ ዓርብ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ያለ መኪና፣ ያለ ፈቃድ። በሚኒባስ፣ ጉልበቱን አገጩ ጋ አድርጎ፣ በሁለት እናቶች መሃል ተጣብቆ ቡራዩ ደረስን። ረዳቱ «ፈረንጁ ወራጅ አለ!» ሲል እኔ እንኳ መሳቅ አቃተኝ።

እናቴ ስታየው ፊቷ በራ። ኦቦም ማሳ ላይ ሆነው አይተውት መጡ። አለቃዬ ችካሉን ዞሮ አልፎ፣ ያው ዱካ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ተንደርድራ ገብታ ያላትን አቀረበች፤ ምስር ነበር፣ ትኩስ። ሳህኑን ዘረጋችለት።

አለቃዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። አላነሣቸውም።

«ይብሉ እንጂ» አለች።

ዓይኗን አያት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እኔ የምተረጉመው ነገር አልነበረም። እናቴ ሳህኑን እንደዘረጋች ቆመች፣ እንፋሎቱ በመሃላቸው ይወጣል። ቆማ፣ ቆማ፣ ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። በተኩሱ ያልፈራች፣ በዶዘሩ ወሬ ያልፈራች ሴትዮ ያን ጊዜ ፈራች። ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ሲል ተቀበልኳት።

ኦቦ ተነሥተው ሄዱ። ሲመለሱ አህያቸውን እየነዱ ነው። ሳንዱቁን እሳቸውና አለቃዬ በሁለት ጫፍ አንሥተው ጫኑት። ድስቱ፣ ጆንያው፣ ሙቀጫው ተጫነ። እናቴ በሩን ሳትዘጋ፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣ ከአህያዋ ኋላ ሄደች። ያን ዕለት ኦቦ ቤት አደረች።

በማግስቱ እናቴ ጧት ጧት እሳት በምታነድበት ሰዓት ዶዘሩ ከገደሉ በኩል መጣ። የኩሽናው የጀርባ ግድግዳ ከዚያ በኩል መስኮት የለውም፤ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አይታይም፣ ያንኳኳም የለም። አንዴ ሲገፋው ግድግዳው ወደ ውስጥ፣ ዱካዋ ከሚቀመጥበት ላይ ተደረመሰ። እኔ ኦቦ ደጃፍ ሆኜ አየሁት። ትልቁን ቤት አልነኩትም። ችካሉንም አልነኩትም፤ አቧራው ሲገፈፍ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ጭንቅላቱ ቀይ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እንደዚህ ነው፤ የሎሚው ዛፍ ብቻ አንድ ጎኑ ተገንጥሎ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ማስተር ፕላኑ ተሰርዟል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ሰፈሩ እልል አለ። እናቴ ሬዲዮውን እያየች፣ «እንኳን ደስ አላችሁ። ታዲያ ኩሽናዬስ?» አለች።

አለቃዬ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። ሊሰናበታት ቢፈልግ እናቴ እምቢ አለች። «እህሌን እምቢ ያለ ሰው ደጄን አይረግጥም» አለች፤ ያን ቀን በልተው ቢሆን ኩሽናዬ አይፈርስም ነበር፣ የመጀመሪያውን ቁርስ በኋለኛው ምስር አፈረሱት አለች። እኔ ሕይወትሽን ነው ያተረፈው እላታለሁ። «ሕይወቴ ኩሽናው ውስጥ ነበር» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ተጣላንበት፤ ከዓመታት በኋላም ስሙ ሲነሣ ተነሥታ ትወጣ ነበር።

አምና በአንድ እሑድ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው። ድምፁ አርጅቷል፣ ዝግታው ግን ያው ነው። እናቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ማን መሆኑን ስታውቅ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ግን አልተነሣችም። እናትሽ ደህና ናት ወይ አለኝ፤ ደህና ናት አልኩት። ኩሽናውስ አለኝ። መልሰን አልሠራነውም አልኩት።

እናቴ ድንገት፣ ከሽንኩርቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ያቺን ሴትዮ ሄደው አዩዋት ወይ በያቸው» አለች። የሴትዮዋን ታሪክ ስንጣላ ጮኼ ነግሬያት ነበር፤ የሰማችኝ አይመስለኝም ነበር።

ጠየቅኩት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። «ብቻዬን ሄድኩ» አለ፣ «እንደ ማንኛውም ሽማግሌ መንገደኛ። ቦታውን ካርታ ሳላይ አገኘሁት። መንገድ ሆኗል፤ ሰፊ አስፋልት። እዚያ የሚሠሩትን፣ የሚያልፉትን ጠየቅኩ፤ እዚህ ቤት ነበረ የሚል ሰው ጠፋ። አስፋልቱ መሃል ኩሽናው የነበረበት ላይ ቆምኩ፣ መኪኖቹ ጥሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ ቆምኩ። የቁርሷ ሽታ ሸተተኝ» አለ። «ተርጉሚላት፣ ሽታው ነበረ።»

ተረጎምኩላት።

«እዚያስ በልተው ነበር ብለሽኛል» አለች።

«አዎ፣ በልቷል።»

«ሳህኑን ጨርሰው?»

«ጨርሶ።»

ሽንኩርቱን ይሁን ሌላ እንጃ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «በልተውላትም ፈርሷል፤ እንግዲያው እህሉ አይደለም ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ ሰውዬው አማርኛ የሚያውቅ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ይምጡ። ይምጡና ይብሉ።»

ተረጎምኩለት። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ፤ መስመሩ ግን አልተቋረጠም ነበር፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል።